ጥፋቱ የማን ነው?

በአደራ የተሰጣችሁ ገንዘብ ከእጃችሁ ወጥቶ ወደማታውቁት ሰው ኪስ ሲገባ በዓይናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁን? እኔ አይቻለሁ። ነገሩን ለመናገር ብዙ ጊዜ አፍሬ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ግን ስሞታ ለማሰማት ሳይሆን፣ ከዚያ ስሕተት በኋላ ከአንዲት ወጣት የተማርኩትን ለሌሎች ወላጆች ለማካፈል ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መንገድ ዳር፣ ከዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ ነው። በአካባቢያችን ባለችው ትንሽ መድረሳ ማስተማር ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። የመድረሳዋ ጣሪያ በክረምት እያፈሰሰ ሕፃናቱን ስላስቸገረ፣ ወላጆች ድንችና ከሰል ሸጠው ለቆርቆሮ መግዣ አዋጡ። ገንዘቡን ዳንግላ ላለው ቆርቆሮ ነጋዴ በስልኬ እንድልክ አደራ ተሰጠኝ።

ቁጥሩን ጻፍኩ፤ የሚስጥር ቁጥሬንም አስገባሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ተጠራጠርኩና "ተመልሼ ቁጥሩን ልየው" አልኩ። በገጹ ግርጌ ሁለት ቀስቶች ነበሩ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ያመለክታል። እጄ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የለመደው ቁርኣን መግለጥን ነው። በሙስሓፍ ደግሞ ያለፈው ገጽ የሚገኘው በስተቀኝ ነው። በመሆኑም ለመመለስ ብዬ የቀኙን ቀስት ነካሁ። ገንዘቡ ሄደ። ቁጥሩን መልሼ ሳየው አንዲት አኃዝ ተሳስቻለሁ።

ወደዚያ ቁጥር ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ለሚመለከታቸው አመለከትኩ፤ "የላኩት እርስዎ ነዎት" ተባልኩ። እውነትም የላክሁት እኔ ነኝ። ጊደሬን ሸጬ ቆርቆሮውን ገዛሁ። ወላጆቹ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አንዱ፣ ጊደሯ መሸጧን እስኪሰማ ድረስ፣ ሰላምታዬን ፊቱን አዙሮ ይመልስልኝ ነበር። ከጊደሯ ይልቅ አንጀቴን ያቃጠለው ይህ ነው።

በዚያው ሰሞን በዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ትምህርት የምትከታተለው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት መጣች። አባቷ አስቀድሞ አንድ ነገር አሳስቦኝ ነበር። ስትመረቅ ባንክ ቤት እንድትቀጠር ይፈልጋል። እሷ ግን "ሰዎች ከኮምፒዩተርና ከስልክ ጋር የሚገናኙበትን መንገድ ማጥናት፣ መንደፍና መመራመር ነው የምፈልገው" ብላ በአቋሟ ጸናች። "የስልክ ገጽ ቀለም መቀባት ምን ሥራ ነው? እስኪ አንተ ምከራት፤ አንተን ትሰማለች" አለኝ። እኔም ሐሳቡን ደግፌ ነበር።

ልመክራት ተቀምጬ ሳለሁ ወሬው ወሬን አነሣና የገንዘቡን ነገር ነገርኳት። ትታዘበኛለች ብዬ ስጠብቅ "አጎቴ፣ አውራ ጣትዎ የት ላይ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያም ደብተሯን አውጥታ የስልኩን ገጾች አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ሣለች። በማግሥቱ ከመንደራችን አምስት ሰዎችን ጠርታ፣ በየተራ እያስቀመጠች "ገንዘብ ሊልኩ ነው እንበል፤ አሁን ተመልሰው ቁጥሩን ማየት ቢፈልጉ የትኛውን ይነካሉ?" ትላቸው ጀመር። እኔን "ዝም ብለው ይመልከቱ፤ እንዳይረዷቸው" አለችኝ። ለመምህር ከዚህ የሚከብድ ትእዛዝ የለም!

ከአምስቱ ሁለቱ፣ እንደ እኔ ቁርኣን ሲቀሩ ያደጉ ሽማግሎች፣ የቀኙን ቀስት ነኩ። ድንች የምትሸጠው ጎረቤታችን ደግሞ ቀስቱን አተኩራ አየችና "ይኼ ምንድን ነው? መንሽ ነው እንዴ?" አለች።

ልጅቱ ሁሉንም ጻፈች። ከዚያም "ስሕተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ገጹን የሠራው ሰው እርስዎን አላሰበም" አለችኝ። ቃሉ ቢያጽናናኝም ልቀበለው አልፈለግሁም። "ልጄ፣ አደራው የኔ ነበር። አላህ ፊት ስጠየቅ ቀስቱ ነው ያሳሳተኝ ልል ነው?" አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ "እርስዎ ስለ ጥንቃቄዎ ይጠየቁ ይሆናል። ገጹን የሠራውስ ስለ ምን ይጠየቅ?" አለች። መልስ አጣሁ።

ሌሊቱን ሳስበው ነገሩ ለእኔ አዲስ አለመሆኑን አስተዋልኩ። አንድ ደረሳ ሉሑ ላይ የተጻፈለትን ሲያነብ ቢሰናከል "አላጠናህም" እለዋለሁ። ነገር ግን አሥር ደረሶች በየዓመቱ በዚያው ቃል ላይ ቢሰናከሉ ጥፋቱ የማን ነው? ወይ አጻጻፌ ደብዝዟል፣ ወይ አስተማማሬ ተጣሟል። ልጆቹን ከመቅጣቴ በፊት ሉሑን ማየት ይገባኛል። የእህቴ ልጅ ሙያ ማለት ይኸው ሉሑን የማየት ሙያ ነው። ሰው ሲሠራ ይመለከቷል፤ የተሰናከለበትን ይመዘግቧል፤ በወረቀት ይነድፏል፤ ሶፍትዌሩን ይሠሩና እንደገና በሰው ፊት ይፈትኑታል። ሒሳብም፣ የሰውን አእምሮ ማጥናትም፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ዶናልድ ኖርማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች የሚገፋውን በር ሲስቡ ከሰዎቹ ይልቅ በሩን እንድንመረምር አስተምሯል።

ለመሆኑ ይህ ሙያ ለአገራችን እንግዳ ነውን? አይደለም። የአማርኛ ፊደላችን ከነእርባታው ከ200 በላይ ነው፤ የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ግን ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት ሲነሡ የገጠማቸው ጥያቄ፣ ሰውና መሣሪያ እንዴት ይገናኙ የሚል ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እንደ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ከኮምፒዩተር ጋር ለማስተዋወቅ ደከሙ። በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ አሠራር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ሲገባ ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ።

ከዚያ መዝገብ ውስጥ ጘ የምትባለው ፊደል ትገኛለች። በአማርኛ አንጠቀምባትም። ለእኛ አገር ሰው ግን በአዊኛ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ የምትወክል ናት። ዛሬ የአዊ ልጅ በእናቱ ቋንቋ በስልክ መጻፍ ከቻለ፣ ይህችን ፊደል ያልረሳ ሰው በመኖሩ ነው። ተረስታ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ዶክተር ትምኒት ገብሩም ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ጥናት ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣል። ፊትን አይተው ጾታን የሚለዩ ሶፍትዌሮችን ሲመረምሩ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ 35 በመቶ የሚጠጋ ስሕተት አገኙ። መሣሪያው ክፋት አስቦ አይደለም። የሠሩት ሰዎች እነማንን አስበው እንደሠሩት፣ እነማንንም እንደዘነጉ ነው የሚያሳየው። ይህ የቀለም ቅብ ጉዳይ ነውን? በእኔ ግምት የፍትሕ ጉዳይ ነው።

እኛ ሙስሊሞች አልጎሪዝም የሚለው ቃል ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም መምጣቱን በየመድረኩ እንናገራለን። መናገሩ ባልከፋ። ነገር ግን የገዛ ልጃችን በዚያ መንገድ ልትሄድ ስትነሣ "ባንክ ይሻልሻል" የምንል ከሆነ፣ የሞተውን እያወደስን ያለውን መከልከላችን ነው። ይህን የምለው ራሴን እየወቀስኩ ነው።

ለአባቷ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። "ታዲያ ባንኩስ?" አለኝ። "ባንኩም ገንዘብ በስልክ ይልካል፤ የሚልከው ደግሞ እንደ እኔ ያለው ሰው ነው" አልኩት። ሳቀ፤ ግን እሺ አላለም። "እስኪ እናያለን" ብሎ ተለየኝ። እኔም ነገሩን አልተውኩትም።

የጠፋውን ገንዘብ በተመለከተ፣ ዛሬም ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በቀስቱ ላይ አልጥልም። አደራ የተቀበለ ሰው ሁለት ጊዜ ማየት ነበረበት። ዳሩ ግን የእኔ ጥፋት የሌላውን ጥፋት አይሰርዘውም።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችሁ የማታውቁትን ሙያ ሲመርጡ፣ ከመከልከላችሁ በፊት "ይህ ሥራ ማንን ይጠቅማል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ልጆቻችንም የሚሠሩትን ሲሠሩ ድንች ሻጯን ጎረቤታችንን እንዳይረሱ አደራ እንበላቸው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሳቸው። አሚን።