ከእንቁላል ካርቶን የተጠረበ ኮብልስቶን

ወዳጆቼ፣ "ሰውዬው የት ጠፋ?" እያላችሁ በውስጥ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ድንጋይ እያነጠፍኩ ነበር። ቀልድ አይደለም። ግቢው 40 በ30 ሴንቲሜትር ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ የእንቁላል ካርቶን።

ነገሩን የጀመረችው ትንሿ ልጄ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ለልደቷ ከተራረፈ ኮምፔንሳቶ የአሻንጉሊት ቤት ሠራሁላት። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ጣሪያውን የካርቶን ልጣጭ ገልጬ በውስጡ ባለው ሽንሽን ቆርቆሮ አስመሰልኩት። በጣም ኮራሁ። እሷ ዙሪያውን አየችና ምን አለች?

"አባቢ፣ ደጅ የለውም እኮ። አሻንጉሊቶቹ ሲወጡ የት ይቆማሉ?"

"ምን ዓይነት ደጅ ይሁን?" አልኳት።

"እንደ አያቴ ደጅ።"

እናቴ አዳማ ነው የምትኖረው። ልጅ እያለን ሰፈሩ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነበር። አሁን ከአጥሩ ውጪ ያለው መንገድም፣ ውስጥ ያለው ግቢም ኮብልስቶን ነው። ልጄ እዚያ በሄድን ቁጥር ሰኞ ማክሰኞ የምትዘለው እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። ለእሷ ደጅ ማለት ያ ነው።

የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ መጀመሪያ ያነሳሁት መቀስ ሳይሆን እስክሪብቶ ነው። የአሻንጉሊት ቤት የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙበት ልኬት 1 ለ12 ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ዊንድሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤትም በዚሁ ልኬት ነው የተሠራው። ኤድዊን ሉትየንስ የሚባል አርክቴክት ነድፎት፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1924 የተሠራ ነው። መብራትም የቧንቧ ውሃም አለው። የእኛ ቤት ራሱ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ይሁን።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። የኮብልስቶን ድንጋይ ጎኑ ወደ 10 ሴንቲሜትር ነው። ለ12 ሲካፈል 8 ሚሊሜትር ከምናምን ይሆናል፤ ምናምኑን ትቼ 8 ያዝኩ። በድንጋዮቹ መሀል ላለው ክፍተት 1 ሚሊሜትር ተውኩ። 40 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ ላይ በአንድ ረድፍ 44፣ በሌላው 33፤ በድምሩ 1,452 ድንጋይ። ባለቤቴ ቁጥሩን ስትሰማ "አንተ ሰውዬ ጤና ነህ?" አለችኝ። ግን ያኔውኑ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ከጎረቤት መሰብሰብ የጀመረችው እሷው ናት።

ለምን የእንቁላል ካርቶን? ግራጫው፣ ከተፈጨ ወረቀት የሚሠራው፣ ላዩ ሸካራ ነው። ሌላ ካርቶን ልሙጥ ስለሆነ ምንም ብትቀቡት ወረቀትነቱ ያስታውቃል። የእንቁላሉ ካርቶን ግን ቀለም ሲነካው ድንጋይ ይመስላል። ጎድጓዳውን በውሃ ታረጥቡትና በሁለት ጣውላ መሀል ከባድ ነገር ጭናችሁ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ጠፍጣፋ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ የጫንኩበት የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ክምር ነው። በመጨረሻ ጥቅም ላይ ዋለ የምትሉ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሰምቻችኋለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ውድቀት ነበር። በማስመሪያ አስምሬ፣ እኩል እኩል አድርጌ ቆረጥኩ። በወፍራም ካርቶን ላይ ኮላ ቀብቼ አንድ በአንድ ደረደርኩ። አራት ማታ ፈጀብኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ሰሌዳው እንደደረቀ እንጀራ ተቆልምሟል። የኮላው ውሃ በአንድ በኩል ብቻ ገብቶበት ሲደርቅ ጎተተው። እሱ ይሁን፣ ይስተካከላል። ትልቁ ችግር ግን ድንጋይ አለመምሰሉ ነበር። የሽንት ቤት ሴራሚክ ነው የመሰለው።

እሁድ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ቡና ሊጠጣ መጣ። እዚሁ ከተማ ነው የሚኖረው፣ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየና ቁጭ ብሎ መነጽሩን አደረገ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም።

"ማነው ያነጠፈው?" አለ በመጨረሻ።

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል።"

ሳቅን። ከዚያ በጣቱ እያሳየ ይነግረኝ ጀመር። አንደኛ፣ ድንጋዮቹ ሁሉ እኩል ናቸው። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣም። ሁለተኛ፣ ክፍተቶቹ በአንድ መስመር ተያይዘው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። "እንዲህ ካነጠፍክ መኪናው በዚያ መስመር ይሰነጥቀዋል። የዚህኛው ድንጋይ መሀል የዚያኛው ክፍተት ላይ ነው መምጣት ያለበት።" ሦስተኛ፣ ሜዳ ነው። "ውሃው የት ይሂድልህ? መሀሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ። ያለዚያ በመጀመሪያው ክረምት አሸዋው ይታጠብና ድንጋዩ ይነቃነቃል።"

እኔ የ1 ለ12 ልኬት አስልቼ፣ መሬት ላይ ስለሚሆነው ነገር አንድም አላሰብኩም ነበር።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በእርግጥ ስለ አሻንጉሊት ቤት ላወራ አልነበረም።

አባታችን ሲሞት ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነበር። ከክፍሉ ሁለተኛ ይወጣ ነበር፤ ካርዱን እናቴ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ትምህርቱን አቋርጦ ያገኘውን ሥራ ሁሉ ሠራ። በኋላ የኮብልስቶን ሥራ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ተጀምሮ ከተማ ለከተማ ሲዛመት፣ የጥርበቱን ሥልጠና ወሰደ። ጠዋት ከካባ የመጣውን ድንጋይ ቁጭ ብሎ በመዶሻና በመሮ ሲጠርብ ይውላል። ክፍያው በጠረበው ድንጋይ ቁጥር ነው። እኔ የመምህራን ኮሌጅ የገባሁት ያን ጊዜ ነው። የቤት ኪራዬ፣ የፎቶ ኮፒዬ፣ ለምርቃቴ የለበስኩት ሱፍ፣ ሁሉም ከዚያ ድንጋይ ነው የወጣው። በግራ ዓይኑ ላይ አንድ ጠባሳ አለች፤ ፍንጣሪ ናት። በኋላ ከጥርበት ወደ ንጣፍ ተሸጋገረ፣ ቡድን መራ። የእናታችንን ደጅ ያነጠፈው ራሱ ነው።

እኔ ደግሞ አስተማሪ ሆንኩ። አስተማሪ ሆኜም ምን እል ነበር? ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ተማሪ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ፣ ኋላ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ፣ "ተኛ፣ ተኛ፤ ኮብልስቶን ይጠብቅሃል" እል ነበር። ክፍሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ስንት ዓመት እንዳልኩት እግዜር ይወቀው። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ሁሉም አስተማሪ ይለዋል ብዬ ነው። ከወንድሜ ጋር አገናኝቼውም አላውቅም። እንዴት እንዳላገናኘሁት አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ከዚያ እሁድ በኋላ ወንድሜ ማታ ማታ ከሥራ መልስ መምጣት ጀመረ። አሮጌውን ጥለን እንደገና ጀመርን። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል የሆነ ልጅ አለው፤ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። በሦስተኛው ማታ ይመስለኛል፣ ሁለታችንም አጎንብሰን ካርቶን እየለጠፍን፣ ወንድሜ ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፦

"ልጁ 9ኛ ክፍል ሆኖ አንተ ጋ ሲማር፣ አንድ ቀን ማታ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ? 'አባዬ፣ አንተ ሰነፍ ተማሪ ነበርክ እንዴ?'"

እጄ ላይ ያለው ኮላ ደረቀ።

"ምን አልከው?"

"አዎ አልኩት። ምን ልበለው? አስተማሪው እንደዛ ካለ።"

ቁጣ የለበትም ድምፁ። ከዚያ "ያችን ትንሿን አቀብለኝ፣ እዚህ ጋ ትገባለች" አለ። አቀበልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል። እኔ ቤት ቡና ጠጥቷል፣ ለበዓል በግ አብረን ገዝተናል፣ ልጄን አዝሏል። አንድም ቀን አላነሳውም።

"ይቅርታ" ለማለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስለው "ተወው፣ ኮላው ሳይደርቅ ለጥፍ" አለኝ። ወንድሜ እንዲህ ነው።

እስቲ አሠራሩን ልጨርስላችሁ፤ መሞከር የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። መሠረቱ ካርቶን ሳይሆን ኮምፔንሳቶ ይሁን፤ ከሥሩም ኮላ ቀቡት፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይረጥባልና አይቆለመምም። መሀሉ ከፍ እንዲል ከመሀል ሁለት፣ ከዳር አንድ ንብርብር ወረቀት አድርገን አጎበጥነው። ድንጋዩን በማስመሪያ አትቁረጡ፤ በዓይናችሁ ገምታችሁ በመቀስ ቁረጡ፣ ማዕዘኑን በጥፍራችሁ ጫን እያላችሁ አደብዝዙት። ወንድሜ በሲባጎ ፈንታ ክር ወጥሮ፣ ድንጋዮቹን በቅስት በቅስት ነው የደረደራቸው፤ መንገድ ላይ እንደምታዩት። ዳር ዳሩን ከሁሉ በፊት ጨርሱ፤ ዳር የሌለው ንጣፍ ይሸሻል።

ሲደርቅ ሁሉንም በጣም ጥቁር በሆነ ግራጫ ቀቡት። ከዚያ እዚህም እዚያም አንዳንዱን ድንጋይ ለየት ባለ ግራጫ፣ አንዳንዱን ቡኒ ቢጤ አድርጉት። ቀጥሎ የሚመጣው ነው አስማቱ፦ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም ውስጥ ነክራችሁ፣ ቀለሙ ሊያልቅ እስኪደርስ በጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚያ በድንጋዮቹ ላይ ሳትጫኑ አሻሹት። ቀለሙ ከፍ ያለውን ብቻ ይነካል፣ ጎድጓዳው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዓይናችሁ እያየ ካርቶኑ ድንጋይ ይሆናል። ለአሮጌነቱ ቀጠን ያለ የቡና አተላ አፈሰስንበት። ለክፍተቱ አሸዋ በወንፊት ነፍተን (ወንፊቱን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ድርድሩ ቀጥሏል) በውሃ ከቀጠነ ኮላ ጋር ሞላነው፣ ከላይ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። መጨረሻ ላይ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ እንደገና ሽንት ቤት ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ወንድሜ በሩ ጋ ያለችውን አንዷን ድንጋይ በቢላ ነቅሎ ዝቅ አድርጎ መለሳት። ገባኝ። እናታችን በር ላይ አንዲት የሰመጠች ድንጋይ አለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ትይዛለች፣ እናቴም "አንተው ያነጠፍካት ናት" እያለች ትቀልድበታለች። ልጄ መጣች፣ ቁጭ ብላ አየች፣ መጀመሪያ ጣቷን ያስቀመጠችው እዚያች ድንጋይ ላይ ነው። ከዚያ በኩባያ ውሃ አምጥታ ከላይ አፈሰሰች። ልጮህ ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ። ውሃው ከመሀል ተነስቶ ወደ ግራና ቀኝ ወረደ፣ ጥቂቱ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። "አያቴ ደጅ ነው!" አለች።

ያለፈው ሰኞ ሰሌዳውን ይዤ 11ኛ ክፍል ገባሁ። ትምህርቱ ስለ ልኬት ነበር። ርዝመቱ በ12 ካነሰ ስፋቱ በ144፣ ይዘቱ በ1,728 ያንሳል። አንድ ትክክለኛ ድንጋይ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚህ ልክ ከእውነተኛ ድንጋይ ቢጠረብ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። በጣም ወደዱት። አንዷ "ቲቸር፣ ማን አስተማረህ?" አለችኝ።

"ወንድሜ" አልኩ። "ኮብልስቶን አንጣፊ ነው። ከክፍሉ ሁለተኛ ይወጣ ነበር። እኔ እንድማር ብሎ ነው ያቋረጠው። እዚህ ክፍል ውስጥ ስለዚህ ሥራ ስቀልድ የሰማችሁኝ ካላችሁ፣ ተሳስቻለሁ።"

የወንድሜ ልጅ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበር። ምንም አላለም፣ ደብተሩን ነው የሚያየው። ደወል ሲደወል ግን ሁሉም ሲወጣ እሱ ቀረና "ላግዝህ ቲቸር" ብሎ ሰሌዳውን ተሸክሞልኝ እስከ መምህራን ክፍል ድረስ ሄደ። እንዳይነካካበት እጁን ከሥር ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው።

ለእናንተም ለቀድሞ ተማሪዎቼ ይኸው ነው። ተማሩ ማለቴን አልተውኩም፤ ዛሬም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። በሰው እንጀራ ማስፈራራቱን ግን ትቻለሁ። በዚያች ቀልድ ምክንያት አባቱን፣ ወንድሙን ወይ ራሱን አይቶ አንገቱን የደፋ ካለ፣ ይቅር በለኝ።

ፎቶውን ከታች አድርጌዋለሁ። የሰመጠችውን ድንጋይ ፈልጉ። መልካም ሳምንት!