ጡንቻ መግፋት አይችልም

ልጅዎ ጀሶው ሲፈታለት ክንዱን ቀጥኖ ቢያገኘው እንዳይደነግጥ አስቀድመው ይንገሩት። የሰባት ዓመቱ ልጄ «እማዬ፣ አጥንቴ ሟሟ እንዴ?» ብሎ አልቅሷል።

የቀጠነው ጡንቻው ነው። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት ስለማይችል ጥንድ ሆኖ ይሠራል፤ ክንድ ሲታጠፍ የፊተኛው ይኮማተራል፣ ሲዘረጋ የኋለኛው። ይህን በቃል ከማስረዳት ጤነኛ እጁን እያጠፈ እንዲዳስሰው ማድረግ ይሻላል (ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ዕቃን ሳያስነኩ መሸጥ ከባድ ነው)። ጀሶ ውስጥ ሁለቱም ሥራ ስለሚፈቱ ይከሳሉ።

አጥንቱ ግን ደም የሚዘዋወርበት ሕያው አካል ስለሆነ ስብራቱን ሲጠግን ነው የከረመው።

«እኔ ስተኛም ይሠራል?» አለኝ።

አዎ፣ ስትተኛም።

አሁን ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ማጠፍና መዘርጋት ይለማመዳል። እሁድ እሁድ ሁለቱን ክንዶቹን በሜትር እንለካለን፤ ገና አልተስተካከሉም።