በአንድ ዓመት ልዩነት ተኳረፍን!

ሁለት ጓደኛሞች በብር ወይም በሴት ተጣሉ ቢባል ማን ይገርመዋል? እኔና ጓደኛዬ ግን የተኳረፍነው በአንዲት ቁጥር ነው። ለአማርኛው ዊኪፔዲያ በነጻ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ አብረን ስንጽፍ፣ በሕጻንነታቸው እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዷቸውን ዓመት እሱ 1861 ዓ.ም. አለ፤ እኔ ሳላማክረው 1860 አደረግኩት። መለሰው፤ መለስኩት። የውይይት ገጽ እያለ አንዲት ቃል አልጻፍኩለትም።

እሁድ ዕለት ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ጥድ ሥር ተቀምጠን በጣት ቆጠርን። መቅደላ የወደቀችው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1868 ነው። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት እስከ እንቁጣጣሽ የሚቀነሰው 8፣ ከዚያ ወዲያ 7 ነው፤ እሱ ለካ 7 ቀንሶ ኖሯል።

«ታዲያ ይቺን መንገር አቅቶህ ነው?» አለኝ። ምን ይመለሳል? ስልኩን አውጥቶ በራሱ እጅ አረመው።