ለመንገድ የሚሆን ጊታር

ሰሞኑን አንድ የሞጣ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ያገለገለ ቦክስ ጊታር ልገዛ ነው፤ በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ እየዘፈንኩ ልጫወትበት አስባለሁ። ብዙ ብር የለኝም። ቶሎ የማይሰበረው የትኛው ነው?» ይላል። አጠር አድርጌ መለስኩለት፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከብቸናም፣ ከደብረ ወርቅም፣ ከግንደ ወይንም ይህንኑ የሚያስብ ልጅ አይጠፋምና ሰፋ አድርጌ እዚህ ልጻፈው።

ያገለገለ መፈለጉ ልክ ነው። ዋጋው አንድ ምክንያት ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶ ብርን አልፏል፤ ጊታር ደግሞ ከነክሩ፣ ከነሻንጣው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከዋጋው በላይ የምመለከተው ግን ሌላ ነገር አለ። አሮጌ ጊታር ሚስጥር የለውም። አንገቱ የሚጣመም ከነበረ ተጣሟል፤ ፊቱ የሚሰነጠቅ ከነበረ ተሰንጥቋል። አዲሱ ከዓመት በኋላ የሚያመጣብህን ጣጣ አሮጌው ዛሬውኑ ፊት ለፊት ያሳይሃል፤ ማየት ለሚችል ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። በዚያ ላይ ተፋቅፍቆ የመጣ ዕቃ አያስፈራም። ሕፃን ሮጦ መጥቶ ክሩን ቢነካካብህ፣ አቧራ ቢለብስ፣ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ ልብህ አይሰነጠቅም። የሚሳሱለትን ጊታር ይዞ መንገድ ላይ መዝፈን አይቻልም፤ ዓይንህ ከሰው ላይ ተነሥቶ ዕቃህ ላይ ይቀራል።

ግሌን ሃንሳርድ የሚባለው የአየርላንድ ዘፋኝ በ13 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በደብሊን ጎዳናዎች ሲጫወት ያደገ ሰው ነው። «ዋንስ» በተባለው ፊልም ላይ ይዞት የምናየው ጊታር ፊቱ በመምቻው (በፒክ) ተፍቆ ተፍቆ ከመደበኛው ቀዳዳ ሌላ ሁለተኛ ቀዳዳ አውጥቷል። ከዚያ ፊልም አንዱ ዘፈን በ2008 እ.ኤ.አ. ኦስካር ተሸለመ። ፊቱ የተበሳ ጊታር ለብዙ ዓመት ይዘፍናል ለማለት ነው። አንገቱ የተጣመመ ግን አንድ ቀንም አይዘፍንልህም።

እንግዲህ ለብቸናና ለሞጣ ጠንካራ ብዬ የምጠራው ጊታር ሲበላሽ እዚያው የሚጠገነውን ነው። አዲስ አበባ ላይ የጊታር ጥገና የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሞጣ ላይ ያለህ ደግሞ አናጢ ነው። ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ምርጫህ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመራ፦ ይህ ነገር ቢላቀቅ የሰፈሬ አናጢ በቪኒቪልና በማጥበቂያ ሊመልሰው ይችላል ወይ?

በዚህ ሚዛን ካየነው በሙዚቀኞች ዘንድ የሚናቀው የኮምፔንሳቶ ጊታር ለመንገድ ይሻላል። ፊቱ ከአንድ ወጥ ሳንቃ የተሠራ ጊታር ድምፁ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ወጥ ሳንቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ብቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋ ናቸው፤ ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ እንጨቶች አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም ተደራርበው የተጣበቁበት ስለሆነ ይህን መለዋወጥ ይችለዋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የፊቱን ቀዳዳ ጠርዝ ተመልከት። የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ጠርዙ ሳይቋረጥ ከወረደ ወጥ ነው፤ ጠርዙ ላይ ድርብርብ ከታየህ ኮምፔንሳቶ ነው። ያማሃ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤፍጂ እያለ የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች ከእንዲህ ያለ እንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም ድረስ የሚጫወቱባቸው ሰዎች አሉ። ይህን ስትሰማ ግን የተለጠፈውን ስም ብቻ አይተህ እንዳትገዛ። ስሙን አትመን፤ አንገቱን እመን።

ቀጥሎ ክሩ። የናይለን ክር ለጣት ለስላሳ ነው፤ ገበያ መሀል ግን ድምፁ ከአህያ ጫኝና ከባጃጅ ጡሩንባ በላይ አይወጣም። ለመንገድ የብረት ክር ያለው፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ጊታር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ ስድስቱ አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ጉልበት ይስባሉ፤ የናይለን ክሮች የሚስቡት ከዚያ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ነው። ለናይለን የተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር ካሠርህ ብሪጁን፣ ማለትም ክሩ ሆዱ ላይ የሚያዝበትን እንጨት፣ ከፊቱ ገንጥሎ ያወጣዋል። የናይለኑን በሦስት ነገር ትለየዋለህ፤ አንገቱ ሰፊ ነው፣ ራሱ ላይ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉት፣ ክሩም ብሪጁ ላይ ታስሮ ነው የሚቆመው። የብረቱ ክር ግን ብዙ ጊዜ በትንንሽ ችካሎች ተወትፎ ይያዛል።

ሻጩ ዘንድ ስትደርስ መጫወት አትጀምር። መጀመሪያ ጊታሩን እንደ ጠብመንጃ ወደ ዓይንህ አስጠግተህ ከራሱ በኩል በአንገቱ ርዝመት አነጣጥር። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተጠማዘዘ ከሆነ አመስግነህ ሂድ፤ ያንን የሚያቃና የለም። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት) ላይና አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ባንድ ጊዜ ተጫን፤ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በብረቱ መካከል የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት ብትታይ ደግ ነው። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት በብሩጎላ ቁልፍ ጠበቅ ሲደረግ ሊስተካከል ይችላል፤ ብረት የሌለው ከሆነ ግን ተወው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ከፍታ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ትንሽ ከበለጠ፣ ብሪጁ ላይ ክሩ የተቀመጠበትን ነጭ ዘንግ አናጢ ከሥሩ ሞርዶ ዝቅ ያደርግልሃል። 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን የጣትህ ቆዳ ሳይጠነክር ሙዚቃውን ትጠላዋለህ።

ከዚያ ወረቀት አውጣና ብሪጁ ሥር ለማስገባት ሞክር። ከገባ ብሪጁ መነሣት ጀምሯል። ይህ በማጣበቂያ የሚመለስ ስለሆነ ዋጋ ማስቀነሻ ታደርገዋለህ። ሆዱን ዙሪያውን በጣትህ ጫፍ አንኳኳ፤ የሚንቀጫቀጭ ነገር ከሰማህ ከውስጥ የተላቀቀ ድጋፍ አለ ማለት ነው። አሁን እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እየተጫንክ ምታ። አንድ ቦታ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ቢያወጣ ፍሬቱ ተበልቷል ወይም ተነሥቷል። የመቃኛው ጥርስ መላላት አያሳስብህ፤ በቡሎን የታሠረ ስለሆነ ይቀየራል። ጭረት፣ የተላጠ ቀለም፣ የቀድሞ ባለቤቱ የለጠፈው ስቲከር ከቁጥር አይገባም። አንገቱና ሆዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ካየህ ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ወደ ቤትህ ስትመለስ ቅጥቅጡ ላይ ጊታሩን ጣሪያ ላይ አታስጭን። ረዳቱ ቢቆጣም ጭንህ ላይ ይሁን። ጣሪያ ላይ ፀሐዩ ማጣበቂያውን ያቀልጠዋል፤ ከላይ የሚጫነው ጆንያ ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል።

የመሰንቆን ነገር ሳላነሣ ይህን ጽሑፍ መጨረስ አልችልም። ከአንተ በፊት በጎጃም ከተሞች መንገድ ላይ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ሠርግ ቤት የሚዘፍነው አዝማሪው ነበር፤ ዛሬም አለ። የያዘውም ዕቃ ለመንገድ ተብሎ ለዘመናት የተፈተነ ነው። አንድ የእንጨት ሳጥን፣ የተወጠረ ቆዳ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ አንድ መቃኛ፣ አንድ ደጋን። ክረምት ገብቶ ቆዳው ሲረግብ እሳት ያሞቀዋል። ጭራው ሲሳሳ ሌላ ጭራ ይቀይራል። ደጋኑ ድምፅ እንቢ ሲል ሙጫ ይቀባዋል። ሁሉም ከአካባቢው የሚገኝ ነው። እኔ ጊታርን ትተህ መሰንቆ ያዝ አልልህም፤ ልብህ ያለው ጊታሩ ጋ ከሆነ ጊታሩን ያዝ። ነገር ግን ከመግዛትህ በፊት ሂድና ከከተማህ አዝማሪ እግር ሥር ተቀመጥ። አያ ብለህ ቀርበህ፣ ጠላም ቢሆን ጋብዘህ፣ እንዴት እንደሚቆም፣ መቼ ዝም እንደሚል፣ ዓይኑን ማን ላይ እንደሚያሳርፍ ተመልከት። ይህን ዩቲዩብ አያስተምርህም።

ከሱ የምትማረው ትልቁ ነገር መሰንቆው ከድምፁ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ነው። አዝማሪው ኮርድ አይደረድርም። መሰንቆው ዜማውን ከዘፋኙ ጋር እኩል ይዘምራል፤ ስንኙ ሲያልቅ ክፍተቱን ይሞላና ለሚቀጥለው ስንኝ ያዘጋጃል። ጊታር ላይም እንዲሁ ሞክረው። በተለመደው ቅኝት ስድስቱ ክሮች ሳይነኩ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው። እነዚህ ድምፆች አንድ ሳይጎድልና ሳይተርፍ ከሶል የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ናቸው፤ ጊታሩን ባዶውን ብትነካው እንኳ ትዝታ ይሰጥሃል። ከዚያ ተነሥ። ባቲን ቀጥለህ ተለማመድ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ላይ ስትደርስ የፈረንጅ ኮርድ አብሮ አልሄድ ይልሃልና አትታገለው፤ አንዱን ወፍራም ክር ከታች እያስጮህክ ዜማውን በላዩ ተጫወት። መሰንቆ ፍሬት የለውም፤ የአዝማሪው ጣት በሁለት ፍሬቶች መካከል የሚያርፍባቸው ድምፆች አሉ። ክሩን በጣትህ ገፋ እያደረግህ ወደነሱ መጠጋት ትችላለህ።

የምትዘፍንለት ሰው ደግሞ ቀላል ሰው አይደለም። ብቸና ማለት ዲማ ጊዮርጊስ ቅርቧ የሆነ፣ ቅኔ የሚቆጠርበት አገር ነች። ገበያ የወጣው ገበሬ ጊታርህን ላያውቀው ይችላል፤ ስንኝህን ግን ሰምና ወርቁን ለይቶ ይሰማዋል። የሚወደው ከሆነ ራሱ ስንኝ ሰጥቶ «ተቀበል» ይልሃል። ያን ጊዜ የያዝከውን ዘፈን ትተህ መቀበል መቻል አለብህ። ብሩን ግንባርህ ላይ የሚለጥፈው የራሱን ቃል ከአፍህ ሲሰማ ነው። ለዚህ ነው ቃልህ የማይሰማበት ሞንታርቦ ይዘህ እንዳትወጣ የምመክርህ።

ይህ ሥራ ተራ ልመና የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሽስት ጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በመጋቢት ወር ፋሽስቶቹ በየገበያው የሚዞሩ ዘፋኞችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እያደኑ እንዲገድሉ ታዘዙ። የጣሊያን አገዛዝ በቅርቡ ይወድቃል የሚለውን ወሬ የሚያዳርሱት እነሱ ናቸው ተብሎ ነው። አርበኛው በላይ ዘለቀ በሸፈተበት በብቸና ምድር እንዲህ ያለ ዘፋኝ ምን ያህል እንደሚፈራ መገመት አያዳግትም። ሠራዊት የያዘ ቅኝ ገዢ የፈራውን ሰው ለማኝ ማለት አይገባም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከገንዘብህ ላይ ለክር አስቀር የሚል ነው። ያለህን ሁሉ ለጊታሩ ከከፈልክ የመጀመሪያው ቀጭን ክር ሲበጠስ ሥራ ታቆማለህ፤ የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቀጭኑን ክር ለብቻው ደራርበህ ግዛ። ከተጫወትክ በኋላ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፤ ዝገቱ ይዘገያል።

በውጭ አገር ለምትኖሩና ለፋሲካ ወይም ለጥር ሠርግ ወደ ጎጃም ለምትመጡ ወገኖቼ ደግሞ ይህን እጠይቃለሁ። አንድ ፓኬት የጊታር ክር ከደብዳቤ ብዙም አይከብድም። የብረቱን፣ 12 ቁጥር የሚባለውን፣ ጥቂት ፓኬት ሻንጣችሁ ጥግ ወሽቁልኝ። ከቻላችሁ አንድ ካፖ (አንገቱ ላይ የሚቆነጠጥ የክር መጫኛ) እና አንድ ጠንካራ ማንገቻ ጨምሩበት። ለማን እንደምትሰጡ ካላወቃችሁ የደረሳችሁበት ከተማ ውስጥ ጊታር የሚጫወት ልጅ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ትንሽ ከተማ ነው፣ ያሳዩአችኋል።