ናሙናና ቀብድ

በእኛ አገር ብረት ማሠራት የሚጀመረው በፌስታል ነው። ዕቃው ከበድ ካለ ደግሞ በማዳበሪያ። በአዳማም ይሁን በሞጆ፣ በመቂም ይሁን በመተሐራ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህን በቀላሉ ይታዘባል። ደንበኛው ይመጣል፤ ማዳበሪያውን ይፈታል፤ ግሪስ የተለወሰ፣ የተበላ ወይም የተሰበረ ብረት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖርና «እንደዚህ ዓይነት ሥራልኝ» ይላል። ትእዛዙ ይኸው ነው። ንድፍ የለም። ልኬት የለም። ብረቱ የት ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚናገር የለም፣ የሚጠይቅም ብዙ የለም። ቀብድ ይከፈላል፣ «ሐሙስ ኑ» ይባላል፣ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ሳይገለጽ ይለያያሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል፤ የቋንቋ ነገር ለሚወዱ የክፍላችን ልጆች ይጠቅማል። ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ፑሌጃ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ... ሁሉም የጣሊያን ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ቢወጣም የመሣሪያ ሳጥኑን ስም ትቶልን ሄዷል። የአክስቴ ወፍጮ ሠራተኛ ከአክስቴ ጋር በኦሮምኛ ሲያወራ በመካከል «ኩሽኔታ» ሲል እሰማለሁ፤ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ሲያስረዳኝም ያው «ኩሽኔታ» ነው። ቶርኖ ቤት ውስጥ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

አክስቴ ወፍጮ ቤት ያላት ወለንጪቲ ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራ ሲኬድ የምትገኝ የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ ጤፍ፣ በቆሎና ቦሎቄ የሚመረትበት ገጠር ነው። ወፍጮው እንደ መኪና ሞዴልና ዓመተ ምሕረት የለውም። አካሉ አንድ ቦታ ተበይዷል፣ ሞተሩ ከሌላ ቦታ መጥቷል፣ ድንጋዩ ከሌላ። ስለዚህ ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ ሲበላሽ «መለዋወጫ አላችሁ?» ተብሎ የሚገባበት ሱቅ የለም። አዲስ ዘንግ ማሠራት ግድ ነው። ወፍጮ ቤት በቆመ ቁጥር ደግሞ የሚጠፋው የዕለቱ ገቢ ብቻ አይደለም። እህል ተሸክማ የመጣች ሴት ሁለት ጊዜ ዝግ በር ካገኘች ሦስተኛ አትመጣም፤ ሌላ ወፍጮ ትለምዳለች። አክስቴ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚሁ ወፍጮ ነው።

አዳማ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ተሸካሚም አጃቢም ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቶርኖ ቤት አሮጌውን ዘንግ ተቀበለ። ወጣቱ ባለሙያ በካሊፐር ከዳር እስከ ዳር ለካው፣ ቁጥሮቹን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፋቸው፣ ግማሹን ዋጋ በቀብድ ተቀበለ። በአራተኛው ቀን የሰጠን ዘንግ ያምር ነበር፤ ፊት የሚያሳይ መስተዋት በሉት። ወለንጪቲ ተወስዶ ተገጠመ፣ ወፍጮው ፈጨ። በዘጠነኛው ቀን ግን ኩሽኔታው መጮህ ጀመረ፤ በማግስቱ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ከዚያ ቆመ።

ተመልሰን ሄድን። ልጁ አልተቆጣም፣ አላመናጨቀንም። «ያመጡልኝን ነው የሠራሁት እትዬ። ከናሙናው ጋር አስተያይተው ይለኩት፣ አንድ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፣ አንድ ነው። አክስቴም እንዲህ አለችው፦ «እኔ ወፍጮዬ እንዲፈጭ ነው እንጂ ብረት ስጠኝ መች አልኩህ!» እሷም እውነቷን ነበር። ሁለት እውነተኛ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቆመው የማይግባቡበት ምክንያት ምን እንደሆነ የገባኝ በሌላ ቶርኖ ቤት ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሥራ ላይ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ነው። ዘንጎቹን ሁለቱንም አየና ካሊፐር ሳያነሳ መጠየቅ ጀመረ። ምን ላይ ነው የሚሠራው? ሞተሩ ስንት ፈረስ ነው? ቺንጋው በየት በኩል ይጎትታል? መጀመሪያ የሞቀው የትኛው ጫፍ ነው? ኩሽኔታው ቁጥሩ ስንት ነው? አክስቴ ግማሹን ብቻ ነበር የምታውቀው። ስልክ አስደውሎ የወፍጮ ሠራተኛውን ጠየቀው። (የመጠይቅ ዘዴ ትምህርት በወሰድንበት ሴሚስተር እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም ብል መምህራችን እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።)

ኩሽኔታው 6310 ነበር። ባለሙያው ለእኔ ያስረዳኝን እንዳለ ላስፍረው፤ ለማንም ይጠቅማል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዙ ዘንጉ የሚገባበትን የውስጥ ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣችኋል። 10 በ5 ሲባዛ 50። 6309 ከሆነ 45፣ 6308 ከሆነ 40። ስዊድንም ይሠራው ጃፓን፣ ቻይናም ይሠራው፣ ቁጥሩ ያው ነው፣ ልኩም ያው ነው። ስለዚህ የአክስቴ ዘንግ ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ 50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ እንዲያውም በኃይል ተገፍቶ እንዲገባ ከ50 ጥቂት ማይክሮን ከፍ ማለት አለበት። በዚህ ስፋት ላይ ባለሙያዎች ከሚመርጧቸው ልኮች አንዱ ከ2 እስከ 18 ማይክሮን መብለጥን ይፈቅዳል። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው፤ የራስ ጸጉር ውፍረት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

አሮጌው ዘንግ ስንት ነበር? 49.7። ዓመታት ስለሠራ ተበልቷል። ያ ወጣት ታዲያ 49.7 ለካ፣ 49.7 ሠራ። ኩሽኔታው አዲሱ ዘንግ ላይ ላላ፤ ከዘንጉ ጋር በመዞር ፈንታ ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ሞቀ፣ ፋቀው። ሽማግሌው ሳቀና «እህቴ፣ አሮጌውን አስቀድተሽ አዲስ ልትይው ነው?» አላት። አንዳንዱ እንዲህ ሲላላ ዘንጉን በሹል ብረት ነቃቅሶ ጠበቅ እንዲል ያደርገዋል፤ ሁለት ሳምንት ያስኬዳል፣ ከዚያ ያው ነው።

ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ናሙና ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን ዕቃው ሲበላሽ የነበረውን እንጂ ሲሠራ የነበረውን አይናገርም። የተሰበረውን ትተው የሚገጥምበትን ይዘው ቢመጡ ይሻላል። ባለሙያው የጠየቀውም ዘንጉን ሳይሆን የዘንጉን ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ አየሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2610 እንዲህ ያለውን ውል ሲተረጉም ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ የታወቀ ውጤት ለማስገኘት፣ አሠሪው ደግሞ ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡት ግዴታ መሆኑን ያስረዳል። ውጤት ነው የሚለው። ይህን ሳነብ አክስቴ ጠበቃ ሳትቀጥር ሕጉን እንደተናገረች ገባኝ። ዳሩ ግን ውጤቱ ምን እንደሆነ ያልተጻፈ፣ ያልተነገረም ከሆነ ማን ያስረዳል? ስለ ቀብድም ቁጥር 1885 አለ፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የኛ ሰው ግን ውሉን አልተወም። ሠርቶ አስረክቧል። ቀብዱም ቀሪው ክፍያም እዚያው ቀረ።

ይህ የወፍጮ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ የምንለው፣ በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም እዚሁ አዳማ የሚገኘውን የቀድሞውን የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያና የአቃቂውን የመለዋወጫ ፋብሪካ በሥሩ ይዞ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚመረትበት ወንጂ አጠገባችን ነው፤ ለስኳር ፋብሪካ አንድ የተሰበረ ጥርስ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የዚህ አካባቢ ሰው ያውቃል። ሆኖም ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ከመለዋወጫ አልፎ ሙሉ ስኳር ፋብሪካዎችን፣ የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴ ግድብን የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ተረከበ። ያዩ ሳያልቅ ቆመ። የግድቡ ሥራ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከሜቴክ ተወስዶ ለሌሎች ተቋራጮች ተሰጠ፤ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት የጀመረው በየካቲት 2014፣ ግድቡ የተመረቀው በጳጉሜን 2017 ነው።

ስለ ሙስናው ብዙ ተጽፏል፣ ፍርድ ቤትም ሄዷል። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። አዛዡም መንግሥት፣ ሠሪውም መንግሥት፣ ቀብዱም የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን «ኩሽኔታው ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነበር? የአክስቴ ክርክር ቢያንስ ጠረጴዛ ነበረው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ተነጋግረዋል። ጋዜጠኛ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ ምናልባት እሱም ምርቃት ላይ ብቻ ይጠራ ነበር።

ለሁለተኛው ትእዛዝ ግማሽ ገጽ ወረቀት ጻፍኩ። የኩሽኔታው ቁጥር፣ ዘንጉ በሁለቱ መቀመጫዎች ላይ ሊኖረው የሚገባ ስፋት፣ ጠቅላላ ርዝመት፣ የፑሌጃው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ ስፋትና ጥልቀት፣ ብረቱ ከምን እንደሚሠራ (ካገለገለ የጭነት መኪና አክስል ተስማምተናል)፣ የሚያልቅበት ቀን ከነወሩ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ። ባለሙያው አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀና «ልጄ፣ ሰላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያመጣልኝ የለም» አለኝ። ከዚያ ብዕሩን ተቀብሎኝ ከሥር በራሱ እጅ አንድ መስመር ጨመረ፦ ኩሽኔታው ካልጠበቀ በነጻ ይስተካከላል። ሁለቱም ፈረሙ። አንዱን ቅጂ አክስቴ በሂሳብ ደብተሯ ውስጥ ይዛዋለች።

ወፍጮው እየፈጨ ነው፤ ከቀሩት ደንበኞች የተመለሱት ግን ከግማሽ ትንሽ ቢበልጡ ነው። የተበላሸው ዘንግ ወፍጮ ቤቱ በር ጀርባ ቆሟል። ሽማግሌው መቀመጫዎቹ ወደ 45 ወርደው በ6309 ለሌላ ወፍጮ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከዴራ አንድ ሰው ሊገዛት መጣ። አክስቴ ዋጋ ከመናገሯ በፊት የጠየቀችው የኩሽኔታውን ቁጥር ነው። ስላላወቀው ሄዶ አይቶ እንዲመጣ ነግራዋለች።