ወንድሜ «ዳንሰኛ ልሁን» አለኝ

ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ባሌት ይወዳል። አዎ፣ ባሌት! ከአቃቂ ሁለት ታክሲ ይዞ መሀል ከተማ ይለማመዳል። ባለፈው «እትዬ፣ ትምህርቱን ትቼ ሙሉ ቀን ልለማመድ?» አለኝ። እማዬ «ጭፈራ ደግሞ እንጀራ ይሆናል?» ብላ ተቆጣች። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ሳቄ መጣ።

ኋላ ግን የአዱኛ ልጆች ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዶም አዲስ አበባ መጥቶ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን መድረክ ላይ አወጣ። ከነሱ 18ቱ ተመርጠው «አዱኛ» በተባለው ቡድን ውስጥ ለ5 ዓመት ዳንስ ተማሩ፤ እነሱ እንኳ ባሌት ሳይሆን ዘመናዊውን ነው። አንዱ ጁነይድ ጀማል በ2004 የሮሌክስን ዕድል አግኝቶ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ይመስላችኋል? 5 ዓመት ሙሉ የያዛቸው ሰው ነበር።

የኔ ወንድም ያለው ደግሞ እኔን ነው። ስለዚህ ተዋዋልን፦ የታክሲውን እከፍላለሁ፣ ምሳውንም እቋጥራለሁ (በባዶ ሆድ እየዘለለ ጉልበቱን እንዲጎዳ አልፈልግም)፤ እሱ ደግሞ ማታ ይማራል። ክፍል ከቀረ የታክሲው ብርም ይቀራል። ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

«እሺ» አለ። እማዬ አሁንም አኩርፋለች። ቅዳሜ ልምምዱን እንድታይ ብለምናት «እስቲ» ብላ ዝም አለች። ትናንት ግን ነጠላዋን አጥባ አሰጥታ አየኋት።