ከልጃችን ጋር በእግር ወደ ይሓ

አባት ለልጁ ከሚያወርሰው ሁሉ በገመድ የማይለካው ርስት፥ የአባቶችን ሥራ በዓይኑ አይቶ በልቡ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ይህን ስንል መጽሐፍን ማቃለላችን አይደለም፤ እኛም ንባብን ከየኔታ እግር ሥር፥ የውጭ አገር ቋንቋን ደግሞ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ነንና የመጽሐፍን ክብር እናውቃለን። ዳሩ ግን በመጽሐፍ የተነበበው በእግር ተሂዶ ሲታይ እንዴት እንደሚጸና በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ስለ ተመለከትን፥ ቤተ ሰብ ላላቸው አንባቢዎች ማካፈል የሚገባ መስሎ ታየን።

በዚያ ወር የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችንን ይዘን ከአክሱም ተነሥተን በዓድዋ ተራሮች በኩል ወደ ይሓ ሄድን። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል፤ እኛ ግን በሦስት ቀን ልንሄደው ቈረጥን። አገሩን አጥርተው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ መንገድ መሪና አንድ የጭነት በቅሎ አገኘን፤ ስንቃችንም ባለቤታችን ያዘጋጀችልን በሶና ቆሎ፥ ከአክሱምም የገዛነው ሕምባሻ ነበረ። ልጃችን መሪያችንን እንደ አገሩ ልማድ «አቦይ» ይላቸው ነበር፤ እርሳቸውም «ወደይ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ምንጩን በስሙ፥ ሸንተረሩንም በስሙ እየጠሩ ለልጁ ያሳዩት ነበር። ማታ እሳት ዳር በተቀመጥን ጊዜ የቀኑን ስሞች በተራ አስጠሩት፤ በሳተም ጊዜ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ከመጀመሪያው ያስመልሱት ነበር። እኛም የየኔታን ደጅ አስታውሰን ዝም ብለን አደመጥን።

በማግሥቱ ዓድዋን አልፈን የሶሎዳን ተራራ በግራችን ትተን ወጣን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል ያደረገበትን ምድር ስንረግጥ ልጃችን እጅግ ደስ አለው፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲበረታና እግሩ ውሃ ሲቋጥር ደስታው ቀዘቀዘ። ከሩቅ በጥርጊያው ጎዳና መኪና ሲያልፍ አይቶ፥ «አባባ፥ መኪና ሳለ ስለ ምን በእግር እንደክማለን?» አለን። እኛ መልስ ስንፈልግ ሽማግሌው ቀድመው፥ «ወደይ፥ ነገ ድንጋዩን ስታይ አንተው ትመልሰዋለህ» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ይሓ ደረስን። በዚያ ያለው ቤተ ጣዖት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ አልመቃህ ለተባለው የሳባውያን አምላክ የተሠራ ነው። ግድግዳው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተስተካክሎ የተነባበረ ሲሆን፥ ዛሬም ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ልጃችን አንዱን ድንጋይ በክንዱ ለካና ፊቱን ወደ ሽማግሌው መልሶ፥ «አቦይ፥ ይህን ማን ተሸከመው? በዚህ ዳገት ላይ በምን ጉልበት አመጡት?» ሲል ጠየቀ። እርሳቸውም ሳቁና፥ «ትናንት ለጠየቅኸው ዛሬ መልስ አገኘህ፤ በመኪና ብትመጣ ይህን ትጠይቅ ነበርን?» አሉት።

በአጠገቡ ባለው በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን የሳባ ጽሕፈት የተቀረጸባቸው የጥንት ድንጋዮች ተጠብቀው ይገኛሉ። ካዕብና ሣልስ የሌለው፥ አናባቢውም ያልተጻፈ ፊደል ነው፤ ነገር ግን ልጃችን ክቡን «ዐ» እና ባለ ሁለት እግሩን «በ» ለይቶ ሲያውቅ፥ ዘመዱን በሩቅ አገር እንዳገኘ ሰው ጮኸ።

ከዚያም ሽማግሌው ከቤተ ጣዖቱ ጥቂት ራቅ ወደሚለው ግራት በዓል ገብሪ ወሰዱን። በእንጨትና በድንጋይ ታንጾ የነበረ ታላቅ አዳራሽ ነው፤ በእሳት ተቃጥሎ ፈርሷል፤ ከፊቱ ከቆሙት ስድስት ታላላቅ ምሰሶዎችም የቀሩት ጉማጆቻቸው ናቸው። አንዱ ሲፈርስ ሌላው እንዴት ቆመ? የጥበበኞቹ ሥራ ብርቱ መሆኑ ሳይዘነጋ፥ በክርስትና ዘመን አባቶቻችን ቤተ ጣዖቱን ቤተ ክርስቲያን አድርገው ስለ ተገለገሉበት ነው። ሰው የሚገለገልበትን ቤት ይጠግነዋል፤ የተወውን ግን ድንጋዩን ለአጥር ይወስደዋል።

በዚያች ሌሊት ሽማግሌው ለእኛ ብቻ እንዲህ አሉን፦ «ጌታዬ፥ እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱ በከተማ፥ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ ነው። ገንዘብ ይልኩልኛል፥ ይባረኩ። የምንጮቹን ስም ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። የእርስዎ ልጅ በሦስት ቀን አርባ ስም ያዘ።» ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነንና የውርስ ክርክር በየቀኑ በብዕራችን ያልፋል። ወንድም ወንድሙን ስለ አንድ ጥማድ መሬት ሲከስ፥ እኅትም ስለ አንድ ቤት ስትሟገት እንጽፋለን። ነገር ግን «አባቴ ያውቀው የነበረው ዕውቀት ድርሻዬ ይሰጠኝ» ብሎ ያመለከተ ወራሽ እስከ ዛሬ በመዝገባችን አልገባም። መሬቱን ዳኛ ያካፍለዋል፤ ከሽማግሌ ጋር የተቀበረውን ግን የሚያስመልስ ችሎት የለም።

ከጉዟችን ሦስት ዓመት በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. በዚያ አገር ጦርነት ተነሥቶ እስከ 2015 ዓ.ም. ቆየ። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ መንገዱም እንግዳ አጣ፥ የመሪዎችም እንጀራ ተቋረጠ። በዚያ ዘመን ልጃችን የሽማግሌውን አርባ ስሞች በደብተር ጽፎ ለታናሽ እኅቱ ሲያስጠናት አገኘነው፤ ማንም አላዘዘውም ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ወንዶችም ሴቶችም ልጆቻችሁን ይዛችሁ የአባቶችን ሥራ ለማየት በሄዳችሁ ጊዜ፥ ቢቻላችሁ የመጨረሻውን መንገድ እንኳ በእግር ሂዱ፤ አገሩን የሚያውቅ መሪም ያዙ፤ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉት። ማታም ልጆቹ የሰሙትን መልሰው እንዲናገሩ አድርጉ። አያቶቻቸው በሕይወት ያሉላችሁ ግን ሩቅ አገር ሳትሄዱ ዛሬውኑ ከቤታችሁ ጀምሩ።